ማደሪያ ያጣ ባልዲ

ታኅሣሥ ነው፤ ቅዳሜ ሌሊት 11 ሰዓት። በሁለት ካልሲ ላይ ሦስተኛውን ስደርብ ባለቤቴ ነቃችና በመብራቱ ዓይኗን አጨንቁራ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ዓሣ ላጠምድ።»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ አየች። በረዶ አልጣለም፤ ግን የመኪናችን መስታወት ላይ አመዳዩ እንደ ጨው ተጋግሯል። «ዓሣው ራሱ በዚህ ብርድ የሚነሳ ይመስልሃል?» አለችና፣ እኔ በተኛሁበት በኩል ያለውን ብርድ ልብስ ጭምር ጠቅልላ ተመልሳ ተኛች።

ጥፋቱ የጋሼ ነው። ጋሼ እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ እኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የባሕር ዳር ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ጨረሱ፤ ጡረታ ሲወጡ ዕቃቸውን ሸጠው «ጠቅልዬ ልገባ ነው» ብለው ተሰናበቱን። አዋጥተን፣ ኬክ ቆርሰን፣ ተላቅሰን ሸኘናቸው። በሰባተኛው ወር አንድ ማለዳ አሳንሰሩ ሲከፈት ጋሼ ውስጥ ቆመዋል። ያው ካፖርት፣ ያው ባርኔጣ። «እንዴት አደርክ?» አሉኝ፣ ትናንት ማታ እንደተለያየን ሁሉ። ለሽኝቱ ያዋጣነውን ገንዘብ ማንም አላነሳባቸውም፤ ሁላችንም ግን አስበነዋል።

ዓሣ ማጥመድ የጀመሩት ከተመለሱ ወዲህ ነው። እሳቸው ዓሣውን ከመያዛቸው በፊት ዓሣው እሳቸውን ያዛቸው። ደግሞ የሚወዱት ወቅት ሰው ሁሉ ቤቱ የሚከተትበትን ነው። «በክረምት ነው ደጉ» ይላሉ። እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ያስቸግራል። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የበቆሎ እሸት ነው። የዚህን ሀገር ታኅሣሥና ጥር ምን እንበለው? ክረምት ብንለው እናቶቻችን በስልክ ግራ ይገባቸዋል፤ በጋ እንዳንለው አፋችን ሳይዘጋ ጥርሳችን ይንገጫገጫል። «ዊንተር» ብለን ተገላገልን።

«ስማኝ» አሉኝ ጋሼ፤ «ሲሞቅ ዓሣው ተበትኖ ነው የሚውል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ሲበርድ ግን ጥልቅና ጸጥ ያለ ጉድጓድ ፈልጎ አንድ ላይ ይታጨቃል። ዝናብ ሲመጣ ሚኒባስ ውስጥ እንደምንታጨቀው። ሚኒባሱ የት እንደቆመ ካወቅህ ሥራህ አለቀ።»

የሚያጠምዱት ዓሣ ክራፒ ይባላል። አንዱ ፈረንጅ «ክራፒ» ይለዋል፣ ሌላው «ክሮፒ» ብሎ ያርመዋል፤ በዚህ ከተካረሩ ዓሣ የሚያጠምድላቸው የለም። ሉዊዚያና ውስጥ ደግሞ በፈረንሳይኛ «ሳካሌ» ይሉታል፣ የወተት ስልቻ ማለት ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ ጣጣ ያመጣል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼን ሳልሰማ፣ ቦታውን እኔ ልምረጥ አልኩ። ለቤታችን ቅርብ የሆነውን ጆንስ ፖይንትን መረጥኩ። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ከዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ሥር ያለ መናፈሻ ነው። ከላይ መኪናው ይጎርፋል፣ ከታች ወንዙ። የአሜሪካ ዋና ከተማ ወሰን ሲለካ የመጀመሪያው ድንጋይ የተተከለው እዚሁ ነው፣ በፈረንጆቹ 1791። ቦታው የወሰን ጉድ ነው። በ1632 የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሜሪላንድን ለአንድ ጌታ ሲሰጥ ወንዙን እስከ ማዶው ዳር ድረስ ጨምሮ ሰጠ። ስለዚህ ቨርጂኒያ ቆመህ መንጠቆህን ስትወረውር የሚያርፈው በሰው ግዛት ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ጫፍም እዚያው ድልድዩ ሥር ይደርሳል። እግሬ ቨርጂኒያ ሆኖ፣ ክሬ ወደ ግራ ካዘነበለ ዲሲ፣ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ሜሪላንድ ነው። ሦስት መንግሥት ደጅ ቆሜ ከሦስቱም አንድ ዓሣ አላገኘሁም።

ዓሣ ባላይም ሌላ ነገር አየሁ። ገና ጎህ ሲቀድ አንድ ትልቅ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፉን እንደ ቀንድ አቁሞ፣ ከቀኜ ወደ ግራዬ አለፈ። ትንሽ ቆይቼ ነው የደነገጥኩት። ፖቶማክ የሚወርደው ከግራዬ ወደ ቀኜ ነው። ዋሽንግተን ከላይ ነው፣ ባሕሩ ከታች ነው። ግንዱ ሽቅብ እየወጣ ነው! የእንቅልፍ ማጣት ነው ብዬ ከጋሼ ፔርሙዝ ቡና ደገምኩ። ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ያው ግንድ፣ በያው ሁለት ቀንዱ፣ ከግራዬ ወደ ቀኜ ተመልሶ አለፈ።

«ጋሼ፣ ይህን ግንድ አይተውታል?»

«ሁለቴ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከተንሳፋፊያቸው ሳያነሱ።

ነገሩን ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። ፖቶማክ የሚገባው ቼሳፒክ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ከእኛ እስከዚያ ከ160 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የባሕሩ ጨው እዚህ አይደርስም። ግፊቱ ግን ይደርሳል። ጨረቃ ባሕሩን ስትስበው ወንዙም ይሞላል፣ ስትለቀው ይጎድላል። በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። እኛ ጋ ሲደርስ ልዩነቱ 3 ጫማ ገደማ ነው፤ አጭር ሰው ወገቡ ድረስ ይላል። ሙላቱ ዋሽንግተንን አልፎ፣ ቼይን ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ በላይ ድንጋዩ ሲነሳበት ነው የሚቆመው። ሲሞላ የሚገፋው ሽቅብ፣ ሲጎድል የሚጎትተው ቁልቁል። ግንዱም መሐል ላይ ሆኖ አብሮ ይመላለሳል።

«ታዲያ ስንት ሰዓት እንደሚሞላ በምን ይታወቃል?»

«ሰንጠረዥ አለው። ዛሬ 3 ሰዓት ከሞላ ነገ ከ50 ደቂቃ በኋላ ነው የሚሞላ። ከነገ ወዲያ ሌላ 50 ደቂቃ።»

«በየቀኑ ይዘገያላ!»

«ጨረቃ ሐበሻ ናት» አሉ ጋሼ። «ግን ከእኛ የምትለየው የምትዘገየውን ደቂቃ አስቀድማ ታስነግራለች።»

ይህን ጊዜ አፌ ላይ የመጣው የልጅነቴ ተረት ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» አልኩ። ጋሼ ሳቁ። «ይህን የተረተው ሰው ዓባይን አያውቀውም። እኔ አፉ ላይ ነው ያደግሁ። ዓባይ ከጣና አንዴ ከወጣ ግንዱንም አፈሩንም ይዞ ሄደ ነው። ዞሮ ሲመጣ ማን አየው? ግንድ ይዞ የሚዞረው ይኸውልህ፣ ይሄ ነው።» ቡናቸውን ፉት አሉና፣ «እኛ ሀገር ወንዙ ሄዶ ይቀራል፤ እመለሳለሁ የሚለው ሰው ነው። እዚህ ደግሞ...» ብለው ተዉት። እኔም አሳንሰሩ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ የተሳሳትኩትን ነገሩኝ። ክራፒ ጎታች ውሃ አይወድም፤ በተለይ በብርድ ጊዜ። አካሉ ሲቀዘቅዝ ጉልበቱም ይቀንሳል፣ ከወንዙ ጋር መታገል አይፈልግም። ወንዙ ሽቅብ ይሂድ ቁልቁል አይገደውም። ዳር ላይ ጸጥ ያለች ጥግ ይዞ፣ ከወደቀ ዛፍ ወይም ከጀልባ ማቆሚያ መድረክ ሥር ተሸጉጦ ይቀመጣል። «አንተ አውራ ጎዳና ላይ ቆመህ ቤቱ የተኛ ሰው ትጠብቃለህ» አሉኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ እሳቸው መሩ። ቦታዋን አልናገርም፤ ከነገርኳችሁ ጋሼ በሕይወት አያኖሩኝም። ወደ ታች ወረድ ብላ ያለች ትንሽ የጀልባ ማቆሚያ ናት። ባለቤቱ ጋሼን ያውቃቸዋል። በብርድ ጊዜ ጀልባ የሚነዳ የለምና ሁሉም በነጭ ፕላስቲክ ተጀቡነው ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ እናቶች ነው የሚመስሉት። ጥግ ጥጉ ላይ ስስ በረዶ አለ። እኔ ከጃኬቴ ሥር ጋቢ ታጥቄያለሁ፤ የእናቴ ጋቢ ፖቶማክን ያያል ብዬ አልሜም አላውቅ።

ጋሼ መንጠቆውን ሲያስሩ መነጽራቸውን አደረጉ። መንጠቆዋ ራሷ ላይ የእርሳስ ጠብታ፣ ጅራቷ ላይ ጥቂት ላባ አላት። ክብደቷ አንድ ግራም አይሞላም። የሻይ ማንኪያ ስኳር ከአራት ብትከፍሉት አንዱ እጅ ማለት ነው። ይህችን ነገር በወፍራም ጓንት ለመያዝ ሞክሩ! ጓንቱን ካወለቃችሁ ጣታችሁ የእናንተ አይደለም፣ ካላወለቃችሁ መንጠቆዋ የእናንተ አይደለችም። ክሩ እየረጠበ ሲገባና ሲወጣ የዘንጉ ቀለበቶች በበረዶ ይደፈናሉ። ጋሼ ያን ጊዜ ዘንጉን ወንዙ ውስጥ ነከር አድርገው ያወጡታል፤ በረዶው ይለቃል። በረዶን በወንዝ ማሞቅ ያየሁት እዚያ ነው።

«አሁን ዝቅ አታድርገው» አሉኝ። «ዓይኑ ወደ ላይ ነው የሚያይ። ከራሱ በላይ ያለውን ይበላል፣ ከሥሩ የወደቀውን ጎንበስ ብሎ አያነሣም።»

«ኩሩ ነዋ!»

«ጎንደሬ ነው» አሉ፣ ጎጃሜው።

ተንሳፋፊዋ ቀይና ነጭ ናት፣ ከአውራ ጣት ታንሳለች። ሥራው እሷን ማየት ብቻ ነው። ወርውሮ መሳብ የለም፣ መነቅነቅ የለም። እኔ ሃያ ዓመት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ስሮጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መቆም ይህን ያህል እንደሚያደክም ማንም አልነገረኝም። አምስት ደቂቃ ቆይቼ ስልኬን አወጣሁ። «አስቀምጥ» አሉ። አስቀመጥኩ። ደግሞ ትንሽ ቆይቼ ዘንጉን ነቅነቅ አደረግሁ። «ተው።» ተውኩ።

ዓሣ ሲይዝ ተንሳፋፊው ብልጭ ብሎ ይሰምጣል ብዬ ነበር የማስበው። ሳያት ሳያት፣ ቀጥ ብላ የቆመችው ተንሳፋፊዬ ዝም ብላ በጎኗ ጋደም አለች። አልሰመጠችም፣ አልተንቀጠቀጠችም፤ እንደ ደከመው ሰው ጋደም። የተጠላለፈ ነገር አለ ብዬ ጋሼን ልጠይቅ ስዞር፣ «በላህ እኮ! አንሣ!» አሉ። ለካ ዓሣው መንጠቆዋን ከታች መጥቶ ይጎርሳትና ይዟት ወደ ላይ ይወጣል። የእርሳሱ ክብደት ሲነሣላት ነው ተንሳፋፊዋ የምትጋደም። በሬ እንደሚጎትት ሰው ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። አንድ ነገር ክብድ አለኝ፣ ወዲያው ቀለለኝ። መንጠቆዋ ባዶዋን ወጥታ ግንባሬን መታችኝ።

«ልጄ» አሉ ጋሼ፣ «የዚህ ዓሣ አፉ ወረቀት ነው። ስትጎትተው ይቀደዳል። ሕፃን ከእንቅልፉ እንደምታነሣው አንሣው።»

ሁለተኛውን እንደ ሕፃን አነሣሁት። ወጣ። ከመዳፌ ትንሽ ይረዝማል፤ ጠፍጣፋ፣ ብርማ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት የሚመስል። የጀርባውን ክንፍ ሲዘረጋ እንደ ማራገቢያ ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የክንፉን እሾሆች አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ ለተሳፋሪ የሚሰጡትን መልስ እንደሚቆጥሩ። «ሰባት። ጥቁሩ ክራፒ ነው። ነጩ አምስት ወይም ስድስት ነው ያለው።» ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ብጠይቅ፣ «ምንም። ግን ዘሩን ሳይጠይቅ ዓሣ የሚያበስል ሐበሻ አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

እንዲህ እያልን ሁለታችን 11 ያዝን። ደስታው ግን ሌላ ቦታ አስከፈለኝ። በማለዳ ስንደርስ ወንዙ እየጎደለ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያቺ የ50 ደቂቃ መዘግየት ተጠራቅማ ነገሩን ገልብጣዋለች፤ ባለፈው ቅዳሜ በዚህ ሰዓት የሞላው ዛሬ ጎድሏል። ታዲያ እኔ ውሃው የሸሸበት የድንጋይ ደረጃ ላይ፣ በወንዙ በኩል፣ ባልዲዬን አስቀመጥኩ። ደረቅ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ምቹ ነው። ባልዲው ውስጥ ምሳዬ አለ። የጾም ፍርፍር፣ ባለቤቴ ክዳን ባለው ዕቃ አሽጋ የሰጠችኝ። ክራፒው ሲነክስ ደረጃውን ረሳሁት። የዚህ ወንዝ ሙላት እንደ ሀገራችን ደራሽ ውሃ እየጮኸ አይመጣም፤ በእግር ጣቱ ነው የሚገባው። 4 ሰዓት ላይ ዞር ስል ደረጃው የለም። ባልዲዬ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ክብሩን ጠብቆ፣ ወደ ዋሽንግተን እየሄደ ነው።

ልሮጥ ስል ጋሼ ክንዴን ያዙኝ። «አትሩጥ። ማታ ይመለሳል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ግንዱ ተመልሶ የለ?»

ጠበቅን። ምሳ ስለሌለ የጋሼን ቆሎ ተካፈልን። ውሃው ሞላ፣ ትንሽ ቆመ፣ መጉደል ጀመረ። ሊመሽ ሲል፣ ጀምበሯ ከጀልባዎቹ ጀርባ ስትገባ፣ ከላይ በኩል አንድ ባልዲ እየተንሳፈፈ መጣ። ጋሼ በረጅሙ መረብ ጎትተው አወጡትና በኩራት አስቀመጡልኝ። የኔ ባልዲ ሰማያዊ ነው። ይሄ ነጭ ነው። ውስጡም የሌላ ሰው አሮጌ ጓንት እንጂ ፍርፍር የለበትም።

«የኔ አይደለም፣ ጋሼ።»

ባልዲውን አገላብጠው አዩት። «ዋናው መመለሱ ነው» አሉ፤ ግን ድምፃቸው ውስጥ ብዙም እምነት አልሰማሁበትም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አስቀድማ ያየችው ዓሣውን አይደለም። «ዕቃዬስ?» አለች። የሐበሻ ሴት ባሏ ቢዘገይ ትታገሣለች፣ ክዳን ያለው ዕቃዋ ቢዘገይ አትታገሥም። «ይመለሳል» አልኳት። «መቼ?» «በየቀኑ 50 ደቂቃ እየዘገየ» አልኩ። ይህ መልስ እንዳላዋጣኝ መናገር አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ የጾሙ ጉዳይ መጣ። ዓሣ በነቢያት ጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእኛ ዘንድ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። እናቴ በስልክ፣ «ደም ያለው ነገር ሁሉ ሥጋ ነው» አለች። የባለቤቴ እህት፣ «ኧረ የኛ ሰፈር ሰው ሁሉ ይበላል» አለች። እኔ ሞኙ ነገር ለማቃለል ብዬ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ስሙ የወተት ስልቻ ነው አልኩ። አበቃ! «ስሙ ራሱ ያስገድፋል» ብላ ባለቤቴ 11ዱንም ማቀዝቀዣው ውስጥ ከተተች። ማታ ደግሞ ከፖቶማክ የወጣ ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ቢበላ እንደሚሻል የጤና መሥሪያ ቤቶች ያወጡትን ምክር አንብባ መጣች። ጭቃው ውስጥ የቆየ የፋብሪካ ብክለት ስላለ አታብዙ ይላል። «አየህ፣ መንግሥትም ጾም አውጆበታል» አለች።

ገና ደረሰ። ዶሮው ወጣ፣ ድፎው ተቆረሰ፣ እንግዳው ሁሉ ወደ ዶሮው ዞረ። ዓሣው በሎሚና በቃሪያ ተጠብሶ ጥግ ላይ ቀረ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ አጥንቱ በጣት የሚነሣ። ጋሼ ግን ዶሮውን አልነኩትም። ዓሣውን ይዘው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ፤ አንዱን ጨርሰው ሁለተኛውን አነሡ።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ከጣና ቆሮሶ ጋር ሲያስተያዩት?»

ቶሎ አልመለሱም። «ጥሩ ነው» አሉ። «ቆሮሶ ግን አይደለም።» ከዚያ አዋዜ ጨመሩበትና፣ ስለ አየሩ እንደሚያወሩ ሁሉ፣ «ትኬት ቆርጫለሁ። ጥምቀትን ባሕር ዳር ነኝ። አሁንስ ጠቅልዬ ነው» አሉ።

ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። ማንም ማንንም አላየም።

በማግሥቱ ዘንጋቸውን፣ የመንጠቆ ሣጥናቸውንና በእጃቸው የገለበጡትን የወንዙን የሙላት ሰንጠረዥ ይዘው በራችንን አንኳኩ። ሰንጠረዡ እስከ ሰኔ ድረስ ነው። ዘንጉን ስቀበላቸው አንድ ነገር መጠየቅ ነበረብኝ።

«ጋሼ፣ ስጦታ ነው ወይስ አደራ?»

ዘንጉን አዩት። ሰንጠረዡን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አደራ ነው» አሉ።

ለሽኝቱ ማዋጣት ተጀምሯል። እኔ ኬኩ ዘንድሮ ትንሽ ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ።